አን ድቮራክ፦ በ«ስካርፌስ» የደመቀችው፣ በኮንትራት የታሰረችው ተዋናይት

«ስካርፌስ» የሚለው ስም ሲነሳ አብዛኛው ሰው ፊት ድቅን የሚለው አል ፓቺኖ ነው። ከኩባ በጀልባ ተጭኖ ማያሚ የገባው፣ ሳህን በማጠብ ጀምሮ በኮኬይን ንግድ የናጠጠው፣ በመጨረሻም በጥይት ተበሳስቶ የወደቀው ቶኒ ሞንታና ማለት ነው። በብራያን ደ ፓልማ ዳይሬክተርነት በ1983 የወጣው ያ ፊልም በቪዲዮ ካሴት ዓለምን ያዳረሰ በመሆኑ ያላየው ቢኖር እንኳ ስለ እርሱ ያልሰማ ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የፓቺኖ ፊልም ግን የመጀመሪያው «ስካርፌስ» አይደለም። ከእርሱ 51 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1932፣ በዚሁ ስም ሌላ ፊልም ወጥቶ ነበር። ባለታሪኩ ቶኒ ካሞንቴ የሚባል የቺካጎ ወሮበላ ሲሆን፣ እንደ ሞንታና ሁሉ ይህም ቶኒ ከልክ በላይ የሚወዳትና የሚቀናባት እህት አለችው። ይህችን እህት ሆና የተጫወተችው ወጣት አን ድቮራክ ትባላለች። ፊልሙ ሲቀረጽ ገና 20 ዓመት አልሞላትም ነበር ማለት ይቻላል። ፊልሙን የሚያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ዓይናቸውን ከእርሷ ላይ መንቀል ይቸግራቸዋል። ሆኖም የፓቺኖን ስም ከሚያውቁት ሺህ ሰዎች መካከል የእርሷን የሚያውቅ አንድ ቢገኝ ነው።

እንዲህ ያለች ተዋናይት እንዴት ተረሳች? ችሎታ አንሷት አይደለም። ውበትም፣ ትጋትም አልጎደላትም። መልሱ በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛል። ወረቀቱ የሥራ ኮንትራት ይባላል።

ከተዋናይ ቤት የወጣች ልጅ

አን ድቮራክ ኦገስት 2 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አና ማኪም ነው። እናቷ አና ሌር በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የታወቀች ተዋናይት ስትሆን፣ አባቷም በፊልም ዳይሬክተርነት የሠራ ሰው ነበር። ልጅቷም በ1916 በወጣው «ራሞና» በተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ በአምስት ዓመቷ ገደማ ለመታየት በቅታለች።

ወላጆቿ ከጊዜ በኋላ ተለያዩ። እርሷም ከእናቷ ጋር አድጋ አባቷን ለብዙ ዓመታት ሳታየው ቀረች። ታዋቂ ከሆነች በኋላ አባቷን የሚያውቅ ካለ እንዲነግራት በጋዜጦች አማካይነት ጥሪ አድርጋ፣ በ1934 አባትና ልጅ ሊገናኙ ችለዋል።

መጠሪያዋን ድቮራክ ያደረገችው ወደ ትወናው ስትገባ ነው። ይህ ስም ለአሜሪካኖች አንደበት አስቸጋሪ ሆኖባቸው ነበር። እርሷ ደግሞ «ድ» ተውጣ «ቮርሻክ» ተብሎ እንዲነበብላት ትፈልግ ስለነበር፣ ጋዜጠኞችን ስለ ስሟ አጠራር ማስረዳት የዘወትር ሥራዋ ሆኖ ኖሯል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ባለ ድምፅ ፊልም ሲጀመር ሆሊዉድ በሙዚቃና በውዝዋዜ ፊልሞች ተጥለቀለቀ። በዚያን ጊዜ አን ኤም.ጂ.ኤም. በተባለው ታላቅ ስቱዲዮ በቡድን ተወዛዋዥነት ተቀጠረች። ቀልጣፋ ስለነበረች ሳሚ ሊ ለተባለው የዳንስ አሠልጣኝ ረዳት እስከ መሆን ደረሰች። ከካሜራው ፊት ግን ከብዙ ቆነጃጅት መካከል አንዷ ከመሆን አላለፈችም። ስቱዲዮውም ከጀርባ ቆማ ከመወዛወዝ የበለጠ ነገር ልትሠራ እንደምትችል አልታየውም።

የወሮበሎች ፊልም ዘመን

ጊዜው ለአሜሪካ ክፉ ነበር። ከ1920 ጀምሮ የአልኮል መጠጥ በሕግ በመከልከሉ፣ በድብቅ መጠጥ የሚነግዱ ወሮበሎች እንደ አል ካፖን ያለ ሀብትና ሥልጣን አካበቱ። በ1929 ደግሞ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጀመረ። ሥራ አጥቶ ለዳቦ የተሰለፈው ሕዝብ ባንክና ፖሊስ የማይበግሩትን ወሮበላ በሲኒማ ማየት ወደደ። ዋርነር ብራዘርስ በ1931 ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የሚተውንበትን «ሊትል ሲዛር»ን፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጀምስ ካግኒ የሚተውንበትን «ፐብሊክ ኤነሚ»ን አወጣና ሲኒማ ቤቶች በተመልካች ተጨናነቁ።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሴቷ ቦታ ጠባብ ነበር። ወይ ልጇን እየመከረች የምታለቅስ እናት ናት፣ ወይ ደግሞ ወሮበላው እንደ ልብሱ የሚቀያይራት ቆንጆ። «ፐብሊክ ኤነሚ» ላይ ካግኒ ቁርስ ላይ ተቀምጦ ግሬፕፍሩት በፊቷ ላይ የሚደፈጥጥባት ሜይ ክላርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከዚያች አንዲት ትዕይንት በቀር የሚያስታውሳት የለም።

ባለ ሀብቱ ሃዋርድ ሂውዝ ከሁሉም የላቀ የወሮበላ ፊልም ለመሥራት የተነሳው በዚህ ጊዜ ነው። ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስን ቀጠረ። ቶኒ ካሞንቴን እንዲጫወት ደግሞ ከኒው ዮርክ የይዲሽ ቴአትር መድረክ ያደገው ፖል ሙኒ ተመረጠ። በፊልሙ ውስጥ የተመደበችው ካረን ሞርሊ የአን ጓደኛ ስለነበረች ከሆክስ ጋር አስተዋወቀቻት።

ሆክስ ከዓመታት በኋላ እንደተረከው፣ አን በአንድ ግብዣ ላይ ጆርጅ ራፍትን እንዲያስደንሳት ጠይቃው እምቢ ሲላት ከፊቱ ቆማ ብቻዋን መደነስ ትጀምራለች። ራፍት በፊልሙ ውስጥ የቶኒን ቀኝ እጅ ሆኖ የሚጫወተው፣ ሳንቲም ወደ ላይ እያጎነ የሚቀልበው ዝምተኛ ሰው ነው። ሆክስ ይህን አይቶ ሚናውን ለእርሷ ሰጣት። ያንኑ ዳንስም እንዳለ በፊልሙ ውስጥ አስገባው።

ቼስካ

በፊልሙ ውስጥ ስሟ ቼስካ ነው። መጀመሪያ ስትታይ ቤታቸው ደጅ ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ስትሳሳም ወንድሟ ይደርስባታል። ወጣቱን አባርሮ በእርሷ ላይ ይጮህባታል፤ ወዲያው ደግሞ ገንዘብ አውጥቶ ይሰጣታል። እናታቸው ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ታውቃለችና ልጇን ታስጠነቅቃታለች። ቼስካ ግን የወጣትነት ዘመኗ እንዲያልፍባት አትፈልግም። መስኮት ላይ ሆና ከታች የቆመውን ራፍትን እያየች ሳንቲም ትወረውራለች። አንድም ቃል ሳትናገር በዓይኖቿ ብቻ ሁሉን ነገር ትጨርሳለች።

አን በዚህ ሚና ያደረገችው አዲስ ነገር ነበር። ቼስካ ከወንድሟ የጭካኔ እጅ ለማምለጥ የምትጥር ምስኪን ብቻ አይደለችም። የእርሱው ደም ናት። የእርሱ እልህ፣ የእርሱ ረሃብ፣ የእርሱ ግድ የለሽነት በእርሷም ውስጥ አለ። እርሱ መትረየስ ሲያገኝ እንደ ሕፃን የሚደሰተውን ያህል እርሷም ሙዚቃ ስትሰማ ትቃጠላለች። በኋላ የወደደችውን ሰው በስውር ታገባለች። ወንድሟ ቤቷን አንኳኩቶ በሩን የከፈተለትን ባሏን በጥይት ይገድላል። መጋባታቸውን የሚሰማው ከገደለ በኋላ ነው።

ባሏን ለመበቀል ሽጉጥ ይዛ ትሄድበታለች፤ መተኮስ ግን አልሆነላትም። ፖሊስ ቤቱን ሲከብ ከጎኑ ተሰልፋ መሣሪያ ስታቀብለው ቆይታ በጥይት ተመትታ እቅፉ ውስጥ ትሞታለች። ጥላቻም፣ ፍቅርም፣ እብደትም በአንድ ፊት ላይ ሲፈራረቁ ይታያል። ሙኒ በጣም ታላቅ ተዋናይ ነበር። በእነዚያ የመጨረሻ ደቂቃዎች ግን ተመልካቹ የሚያየው እርሷን ነው።

የሳንሱር ቢሮውን በእጅጉ ካስቆጣው ነገር አንዱ ይኸው የወንድምና የእህት ነገር ነበር። ፊልሙ በ1931 ተቀርጾ ቢያልቅም ይቆረጥ፣ ይጨመር፣ መጨረሻው ይለወጥ በሚል ክርክር ለወራት ታሽጎ ተቀመጠ። ቶኒ በሕግ ተፈርዶበት የሚሰቀልበት ሌላ መጨረሻ ሁሉ ተቀርጾለታል። «የአገር ኀፍረት» የሚል ተቀጥላ ርእስም ተጨመረለት። ለሕዝብ የቀረበው በ1932 ነው።

ስምንት ፊልም በአንድ ዓመት

1932 የአን ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ ስምንት ፊልሞቿ ወጥተዋል። ከእነዚህ መካከል ከ«ስካርፌስ» ቀጥሎ የሚነሳው ሜርቪን ሊሮይ የሠራው «ስሪ ኦን ኤ ማች» ነው። በአንድ ክብሪት ሦስት ሰው ሲጋራ ከለኮሰ ሦስተኛው ይሞታል የሚል አጉል እምነት ነበረና የፊልሙ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሦስቱ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ጆን ብሎንዴል፣ ቤቲ ዴቪስና አን ድቮራክ ናቸው።

አን የሀብታም ጠበቃ ሚስት ሆና ትጀምራለች። ቤት፣ ገንዘብና ልጅ ሁሉ አላት፤ ሆኖም ኑሮው ይሰለቻታል። ከአንድ ቁማርተኛ ጋር ኮብልላ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ትወድቃለች። በመጨረሻም ወሮበሎች የገዛ ልጇን አግተው ሊገድሉት ሲሉ፣ ልጁ ያለበትን ቦታ በሊፒስቲክ የሌሊት ልብሷ ላይ ጽፋ ራሷን በመስኮት ትወረውራለች። ከወሮበሎቹ አንዱ ያኔ እምብዛም የማይታወቀው ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሰዓትና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከሦስቱ ሴቶች ትንሿን ሚና የያዘችው ቤቲ ዴቪስ ነበረች። ዓለም ያወቃት ግን እርሷን ነው።

የሕፃኑ ደሞዝ

አሁን ወደ ኮንትራቱ እንመለስ። በዚያን ዘመን የሆሊዉድ ተዋናይ ለስቱዲዮ የሚፈርመው ውል አብዛኛውን ጊዜ የሰባት ዓመት ነበር። ሰባቱ ዓመት ግን የሚያስረው ተዋናዩን ብቻ ነው። ስቱዲዮው በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ተዋናዩን የማሰናበት መብት ሲኖረው፣ ተዋናዩ ግን የመልቀቅ መብት አልነበረውም። የተሰጠውን ሚና አልጫወትም ካለ ከሥራና ከደሞዝ ይታገዳል። የታገደበት ጊዜም ከሰባቱ ዓመት ላይ አይቆጠርለትም፤ በመጨረሻው ላይ ይደመርበታል። ኮንትራቱን የያዘው ወገን ተዋናዩን ለሌላ ስቱዲዮ በውሰት ሊሰጥ ወይም ጨርሶ ሊሸጠው ይችላል። ከዚህ የሚገኘው ትርፍም የአበዳሪው እንጂ የተዋናዩ አይደለም።

አን ኮንትራቷን የፈረመችው ለሃዋርድ ሂውዝ ነበር። ሂውዝ ለዋርነር ብራዘርስ ያውሳት ጀመር፤ በኋላም ውሏን ለዚያው ስቱዲዮ አስተላለፈው። በዚህ መካከል «ስሪ ኦን ኤ ማች» ላይ ልጇን ሆኖ የተጫወተው ሕፃን የሚከፈለው ገንዘብ ከእርሷ ጋር እኩል መሆኑን ደረሰችበት። ለሁለቱም በሳምንት 250 ዶላር ነው።

250 ዶላር በዚያ የረሃብ ዘመን ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። በቀን አንድ ዶላር የናፈቀው ሕዝብ እንደ ቅንጦት ሊቆጥርባት ይችል ነበር። የእርሷ ጥያቄ ግን «ምን ያህል አገኛለሁ?» ሳይሆን «ሥራዬ ምን ያህል ያስገኛል? ድርሻዬስ የት አለ?» የሚል ነው። በላቡ ያደረ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት ሌስሊ ፌንተን ከተባለ በእንግሊዝ ከተወለደ ተዋናይ ጋር በድንገት ተጋብተው ነበር። ፌንተን «ፐብሊክ ኤነሚ» ላይ ኔይልስ ኔታን የተባለውን ወሮበላ ሆኖ የተጫወተው ሰው ነው። በ1932 የበጋ ወር ባልና ሚስቱ ስቱዲዮውን ሳያስፈቅዱ ለዘገየ የጫጉላ ሽርሽር ወደ አውሮፓ ተሳፈሩ። አንም ውሏ እንደ ዕቃ መሸጡን ለጋዜጠኞች በግልጽ ከመናገር አልተመለሰችም። ለወራት ሳትመለስ ቀረች።

ስቱዲዮው በጋዜጣ አብጠልጥሎ ያስተዋውቃት የነበረችው ገና መጀመሯ ነበር። ገበያው በጋለበት ሰዓት ባዶ ወንበር ትታ ሄደች። በ1933 ስትመለስ ሌሎች ቦታዋን ይዘውት ጠበቋት።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያው በ1932 ጀምስ ካግኒም ደሞዝ አንሶኛል ብሎ የዋርነርን ሥራ ጥሎ ሄዶ ነበር። እርሱ ግን በድርድር ደሞዙ ብዙ ከፍ ብሎለት ተመለሰ። ካግኒ ስሙ ብቻ ሲኒማ ቤት የሚሞላ ሰው ስለነበር ስቱዲዮው ሊያጣው አልፈለገም። የ21 ዓመቷ አን ግን በእጇ ገና እንዲህ ያለ መደራደሪያ አልነበራትም። ሁለቱ ያነሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ የተሰጣቸው መልስ ግን ለየቅል ሆነ።

ጊዜ ያልሰጠው ቅል

ከዚያ በኋላ ሥራ አላጣችም። ነገር ግን የሚሰጣት ሚና የዋና ተዋናዩ ፍቅረኛ ሆኖ ፈገግ ማለት ብቻ ሆነ። በ1935 በ«ጂ ሜን» ከካግኒ ጋር፣ በ«ዶክተር ሶቅራጥስ» ደግሞ ከቀድሞ «ወንድሟ» ከፖል ሙኒ ጋር ሠርታለች። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ያቺን የ«ስካርፌስ» እሳት ለመፈለግ የሚነሳ ሰው ፍሟን ብቻ ነው የሚያገኘው። ሌላም ምክንያት ነበረ። ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ የሆሊዉድ የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ሥራ ላይ በመዋሉ፣ እንደ ቼስካ ያለች ሴት በፊልም ላይ መታየቷ ቀረ። አን የተካነችበት የሚና ዓይነት በሕግ ተዘጋ ማለት ነው።

በ1936 ከዋርነር ጋር ፍርድ ቤት ቆመች፤ አልቀናትም። በዚያው ዓመት ቤቲ ዴቪስም ከዚሁ ስቱዲዮ ጋር እንግሊዝ አገር ተካስሳ ተረታለች። በዚያው ዓመት የረታው አሁንም ካግኒ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አንና ዋርነር ተለያዩ።

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል። የአንን ቅል ጊዜ አልሰጠውም። ድንጋዩን የሰበረችው ሌላ ሴት ናት። ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ በዚሁ በዋርነር ላይ ክስ መሥርታ፣ በ1944 መጨረሻ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላት። ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ ሰባት ዓመት ነው፣ የእገዳ ጊዜ እየደመሩ ሰውን ከዚያ በላይ ማሰር አይቻልም ተባለ። ውሳኔው እስከ ዛሬ በደ ሃቪላንድ ስም ይጠራል። አን ግን ከዚያ 12 ዓመት ቀድማ ነበር የተነሳችው።

ከሆሊዉድ ወዲያ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ፌንተን የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ለመቀላቀል ወደ ትውልድ አገሩ ሄደ። አንም ካሊፎርኒያን ትታ ቦምብ ወደሚዘንብባት እንግሊዝ ተከተለችው። እዚያም አምቡላንስ ነድታለች፤ በእንግሊዝ ፊልሞችም ላይ ተውናለች። ፌንተን በ1942 ሳን ናዜር በተባለው የፈረንሳይ ወደብ ላይ በተካሄደው ታዋቂ ወረራ ቆስሏል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ትዳራቸው ፈረሰ።

አሜሪካ ተመልሳ እስከ 1951 ድረስ ፊልም ሠራች። በ1950 በወጣው «ኤ ላይፍ ኦቭ ሀር ኦውን» ላይ ዕድሜዋ የገፋባትና ሥራ የራቃትን የፋሽን ሞዴል ሆና ለጥቂት ደቂቃዎች ብትታይም፣ ፊልሙን ያዩ ሁሉ ከሁሉ አብልጠው የሚያነሱት የእርሷን ሚና ነው። ከዚያ በኋላ ከፊልሙ ዓለም ወጥታ ከሦስተኛ ባሏ ጋር ኖረች፤ የመጨረሻ ዘመኗን ያሳለፈችው በሃዋይ ነው።

የታሸገው ፊልም

የአንን ስም ያዳፈነው ኮንትራቱ ብቻ አይደለም። ሃዋርድ ሂውዝ «ስካርፌስ»ን ከገበያ አውጥቶ በካዝናው ውስጥ ቆለፈበት። ሌሎቹ የዘመኑ የወሮበላ ፊልሞች በየሲኒማ ቤቱና በኋላም በቴሌቪዥን እየተደጋገሙ ሲታዩ፣ ካግኒና ሮቢንሰን ለአዲስ ትውልድ ሲተዋወቁ፣ ታላቁን ሥራዋን በአግባቡ ለማየት የሚችል ሰው አልነበረም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ ሂውዝ ከሳንሱርና ከንግድ ዓለም ጋር ሲታገል የቆየበት ዋጋ እርሷም ላይ አረፈ።

ሂውዝ በ1976 ሞተ። ፊልሙ ከካዝና ወጥቶ እንደገና በይፋ ለሕዝብ የታየው በ1979 ነው። አን ድቮራክ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን በሆኖሉሉ በካንሰር አረፈች። ዕድሜዋ 68 ነበር። አመዷ በሃዋይ ባሕር ላይ ተበተነ።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል። «ስካርፌስ» በ1994 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ክርስቲና ራይስ የተባለች የሎስ አንጀለስ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለዓመታት መረጃ ሰብስባ የአንን የሕይወት ታሪክ በ2013 አሳትማለች። ፊልሞቿንም መከራየትና መግዛት ይቻላል። የፓቺኖውን «ስካርፌስ» በቃሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ምሽት ጊዜ ሰጥቶ የመጀመሪያውን ቢያይ፣ በ1983ቱ ፊልም ያቺ ጂና የተባለች እህት ከየት እንደመጣች ይገባዋል።

አን ድቮራክ ከመድረክ የወረደችው ስላልቻለች አልነበረም። የሠራችበትን ዋጋ የጠየቀችው፣ ዋጋዋን የሚያስከብርላት ሕግ ከመምጣቱ በፊት ስለነበር ነው። ከእርሷ በኋላ የመጡት ተዋንያን ሰባት ዓመታቸውን ቆጥረው በነፃነት ሲወጡ ስሟን የሚያነሳ አልነበረም። መስኮት ላይ ቆማ ሳንቲም የምትወረውረው ያቺ ልጅ ግን እስከ ዛሬ በፊልሙ ውስጥ አለች፤ ያያት ሁሉ ማን እንደሆነች መጠየቁ አይቀርም።